ሊያስመልሰኝ ነው እያልሁ የማስከፍተው መስኮት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው አየር ጤና ነው። በሠፈሩ ስም ውስጥ አየርም ጤናም አለ፤ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ በምሳፈርበት ታክሲ ውስጥ ግን፣ በተለይ በሐምሌ፣ ሁለቱም የሉም። መስኮቱ ጥርቅም ይላል፣ መስተዋቱን ትንፋሻችን ያለብሰዋል፣ ከኋላ ሰው ይስላል። “ትንሽ ክፈቱልኝ” ስል “ኧረ ብርድ ይመታናል!” የማይለኝ የለም።

ኤችአይቪ በደሜ እንዳለ ካወቅሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የደረስሁበት በዓመቱ፣ ሳንባዬ ከታመመ በኋላ ነው። ሳሉ ደረቅ ነበር። ከአልጋዬ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ሄጄ መቃኑን ይዤ እቆም ነበር፣ ትንፋሽ እስኪመለስልኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ “የሳንባ ምች” ሲሏት ምች የሚለውን ብቻ ሰምታ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ። የአክታ ምርመራው ቲቢ የለም አለ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ኒሞሲስቲስ የሚባል ፈንገስ ነበር፤ ጤነኛው ሳያውቀው ይተነፍሰዋል፣ የሰውነቱ በሽታ መከላከያ የደከመውን ግን ያፍነዋል። ኮትሪሞክሳዞል ለ21 ቀን በብዛት ወሰድሁ፤ ከዚያ በኋላም ለመከላከያ በየቀኑ። ቲቢ እንዳይዘኝም አይኤንኤች የሚባለውን ክኒን ስድስት ወር ውጫለሁ።

ዛሬ ደህና ነኝ። ቢሆንም ቲቢ እንደ እኔ ያለውን ከሌላው ይልቅ ይደፍራል። ደግሞስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ኩላሊት የተተከለለት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የሚወስደው መድኃኒት መከላከያውን ያደክመዋል። ቲቢን ብርድ አያመጣውም። በሳል ወጥቶ፣ ባልተናፈሰ ቦታ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። የምከታተልበት ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍሏ ነርስ በሐምሌ ጋቢ ደርባ፣ መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ ነው የምትሠራው።

ይህን ሁሉ ለአሥራ ሁለት ተሳፋሪ ልንገር? አልችልም። ስለዚህ ዘዴ አገኘሁ፤ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ይዤ “ሊያስመልሰኝ ነው” እላለሁ። ያን ጊዜ ረዳቱ ዘሎ ይከፍታል፤ ብርድ የፈሩት ሁሉ “እስከ መጨረሻው ክፈቱላት!” ይላሉ።

የታክሲ ባለንብረቶችን የምለምነው ብዙ አይደለም። የተነቀለውን የኋላ መስኮት እጀታ መልሱልን፤ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይሁን። ዝናቡ የሚገባበትን እርጥቡን ወንበር እኔ እቀመጥበታለሁ።

አንዲት ተሳፋሪ
ከአየር ጤና