ወደ ቻይና የሄደውን ሰዓት በግራም አትሽጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አገራችን ውስጥ «የቻይና ሰዓት» ሲባል ርካሽ ማለት ሆኗል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ግን ከቻይና ስለመጣ ሳይሆን ወደ ቻይና ስለሄደ ሰዓት ነው። ክዳኑ ላይ አበባ፣ ወፍ ወይም የገጠር መልክ በኢናሜል የተሣለበት፣ ዙሪያውን ብዙ ጊዜ በግማሽ ዕንቁ የታጠረ የወርቅ የኪስ ሰዓት ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ለቻይና ባለጸጎች ተብሎ በአውሮፓ ተሠርቷል። የወርቅ ዋጋ በናረ ቁጥር አሮጌ ሰዓት ሁሉ ወደ ሚዛን እየሄደ ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት በግራም መሸጥ ግን ፍሬውን ጥሎ ገለባውን መሸጥ ነው።

የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቺያንሎንግ ሰዓት ወዳድ ነበር። በእሱ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1757፣ የአውሮፓ ነጋዴዎች በደቡብ ቻይናዋ በካንቶን ወደብ ብቻ እንዲነግዱ ተደረገ፤ እገዳው የተነሣው በ1842 ቻይናና ብሪታንያ በተፈራረሙት የናንኪንግ ውል ነው። ለዚህ ገበያ ከሠሩት መካከል የለንደኑ ዊልያም ኢልበሪና በ1822 ድርጅታቸውን ያቋቋሙት ከስዊዘርላንዷ የፍለሪየ መንደር የሆኑት የቦቬ ወንድማማቾች ይገኙበታል። ማሽኑ ለንደን ቢሠራም የክዳኑ ሥዕል ብዙውን ጊዜ የጄኔቫ ሠዓሊዎች እጅ ነው። በቻይና ስጦታ ጥንድ ሲሆን ስለሚወደድ ሰዓቶቹም ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሸጡ ነበር፤ የአንዱ ሥዕል በሌላው ላይ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይሣላል። ሁለቱን ለሁለት ወራሽ ያካፈለ ቤተሰብ የሁለቱንም ዋጋ ጎድቷል።

ኢናሜልን ለማወቅ በየቤቱ ያለውን የኢናሜል ሣህን ማየት ይበቃል። ሲወድቅ ጠርዙ ይፈነከትና ጥቁሩ ብረት ብቅ ይላል፤ ቀለም ሳይሆን ብረት ላይ የቀለጠ መስታወት ስለሆነ ነው። በእነዚህ ሰዓቶች ላይ ከመስታወቱ ሥር ያለው ብዙ ጊዜ 18 ካራት ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ወርቅ ነው። ቀለም የያዘው መስታወት ተፈጭቶ፣ ታጥቦ፣ በስሱ ተደርጎ ከ750 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወዳለው ምድጃ ለጥቂት ደቂቃ ይገባል። ሠዓሊው ከፍ ያለ ሙቀት የሚችለውን ቀለም ያስቀድማል፣ ቶሎ የሚቀልጠውን ወደኋላ ያቆያል። አንድ ክዳን ከአሥር ጊዜ በላይ እሳት ሊያይ ይችላል፤ በአንዱ ዙር ሙቀቱ ከልክ ካለፈ የቀደመው ሥራ ሁሉ ይበላሻል። የጄኔቫ ሠዓሊዎች በመጨረሻ ሥዕሉን በጠራ ኢናሜል ሸፍነው ያለሰልሱታል፤ ሥዕሉ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ወርቅና መስታወት ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፤ ስለዚህ ወርቁ እንዳይጎብጥ በጀርባውም ኢናሜል ይደረጋል።

ወርቅ ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማጠፊያው ላልቷል ተብሎ ነበልባል ሲነካው ወርቁ በአንድ በኩል ብቻ ይግላል፣ መስታወቱም ይሰነጠቃል። መበየጃው ከኢናሜሉ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ ቢሆንም አያድነውም፤ የሚጎዳው የሙቀቱ አለመመጣጠን ነው። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው ማሽንም በዓይን የማይታየውን ስንጥቅ ያሰፋዋል። ሎሚ ደግሞ የዕንቁ ጠላት ነው። ዕንቁና የእንቁላል ቅርፊት በዋናነት አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ናቸው፤ ቅርፊት ላይ ሎሚ ጠብ ያደረገ ሰው አረፋውን ያውቀዋል። የወርቅ መፈተኛ አሲድም እንዲሁ ያደርጋል። ካራቱን መፈተሽ ግድ ከሆነ የማይታየውን የውስጥ ጠርዝ በወርቅ መፈተኛው ድንጋይ ላይ ጥቂት አሽቶ አሲዱን ድንጋዩ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ለጽዳት ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።

ሚዛኑም ራሱ ያሳስታል። ውስጥ የሚያብረቀርቀው ቢጫ ማሽን ወርቅ የተለበጠ ናስ ነው፤ ክዳናቸው ጭምር የተለበጠ ናስ ወይም ብር የሆኑም አሉ።

ማሽኑን የሚከፍት ሰዓት ሠሪ ደግሞ ዱፕሌክስ የሚባለውን፣ የማሽኑን ጉልበት በየተራ የሚለቀውን አሠራር ማወቅ አለበት። በቻይናው ዓይነት የዚህ አሠራር ጎማ ረጃጅም ጥርሶች ጫፋቸው መንታ ስለሆነ የሰከንዱ ጠቋሚ እየተንሸራተተ ሳይሆን በሰከንድ አንድ ጊዜ እየዘለለ ይሄዳል። «ይዘላል፣ ተበላሽቷል» ብሎ የሚያፍታታው ሰው ደህናውን ሰዓት ይገድለዋል። ዱፕሌክስ ከቆመ ተሞልቶም በራሱ አይነሣም፤ ሰዓቱን አግድም ይዞ በቀስታ ማዞር ያስፈልጋል። የባላንሱ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ፣ ዘንግ ጫፍ ጥቂት ከተበላ ጥርሱ ቦታውን ይስትና ሰዓቱ ይቆማል። የስፌት መኪና ዘይት ማንቆርቆር ችግሩን ያብሰዋል፤ ዘይቱ ይንሰራፋል፣ አቧራ ይሰበስባል። የመሙያው ቁልፍ በቀዳዳ ስለሚገባ የአዳማ ነፋስና አቧራ በዚያው ይገባል። ቁልፉ ከአራት ማዕዘኑ ጫፍ ጋር ልክ ይሁን፤ ሰፊ ቁልፍና ፒንሳ ማዕዘኑን ያከቡታል። ማሽኑ ከመፈታቱ በፊት ደግሞ የሞላው ጉልበት ቀስ ተብሎ ይለቀቅ፤ አለዚያ ጥርስ ይሰበራል።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የሠዓሊ ብሩሽም ነጠብጣብ ይተዋል፣ ግን መጠኑ ይለያያል፤ የማተሚያ ማሽን ነጠብጣብ በረድፍ የተሰለፈ ነው። የተፈነከተ ቦታ በፕላስቲክ መሰል ሙጫ ተሞልቶ ከሆነ የብር ኖት መፈተሻው ሐምራዊ መብራት ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል፤ የተጠገነው ቦታ ከጎኑ ካለው ኢናሜል በተለየ ያበራል። ትኩስ መርፌ መውጋት ግን አይገባም።

የአዳማ ወርቅ ቤቶችን አጥብቀን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ሥዕል ያለበት ሰዓት ሲመጣላችሁ ከመመዘናችሁ በፊት ክዳኖቹን ሁሉ ከፍታችሁ ፎቶ አንሡ፣ በማሽኑና በክዳኑ ውስጥ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር ጻፉ፣ ባለቤቱንም ጥንዱ ቤት ውስጥ እንዳለ ጠይቁት። ባለቤቱም ሰዓቱን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪሱ ውስጥ አይክተተው፤ ለብቻው በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በትንሽ ሣጥን ይያዘው።

በአዳማ ከተማ የሰዓት ጥገናና የወርቅ ሥራ ባለሙያዎች