ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት እጠቡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አሮጌ መኪና ለጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይምሰል። እኔ ግን ኪሴን ያራገፈውን ነገር ዝም ብዬ ባልፍ ሆዴ አይችልም።

ቮልስ አለችኝ። 1300 የሚባለው ሞዴል፣ በፈረንጅ የ1967 ሥሪት፣ ከአባቴ የወረስኳት። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለውን አቀበት እንደ ፍየል ትወጣዋለች። ችግሯ አንድ ነው፣ ዘይት ታፈሳለች። ጠዋት ላይ ሥሯ ያለው ኮብልስቶን ጠቁሮ ይገኛል። ይህንን ለመካኒክ ስትነግሩት ይስቅና «ቮልስ ካላፈሰ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው» ይላችኋል። ቀልዱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። አሁን አያስቀኝም።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ ጠብታው ኩሬ ሆነ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙ ይቅር። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። «ጋሼ፣ በፍላይዊሉ በኩል ያለው ኦይል ሲል ሄዷል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ፍላይዊል ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሹ ሳጥን) ጋር በሚገናኝበት በኩል የሚዞር ከባድ ክብ ብረት ነው፣ ኦይል ሲል ደግሞ እዚያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ጎማ። እርግጥ የቮልስ ሞተር ማውረድ ከባድ ሥራ አይደለም። ከካምቢዮው ጋር ያያዙትን አራት ቡሎኖች ፈትቶ፣ ጥሩ ክሪክ ይዞ፣ ሁለት ሰው ያወርደዋል። ለዚህም ይመስለኛል ቶሎ «ይውረድ» ማለት የሚቀናቸው። አወረዱት፣ ኦይል ሲሉን ቀየሩ፣ ያገኙትን መጋጠሚያ ሁሉ በቀይ ሲሊኮን ለቀለቁት። የወር ደመወዜን ከፍዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ኮብልስቶኑ እንደገና ጠቆረ።

ተናደድኩ። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ቱታ ለበስኩና ራሴ ገባሁበት። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እነሱ ያላደረጉትን ነው፣ አጠብኳት። ዲስትሪቢዩተሩንና ካርቡሬተሩን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሞተሩን ከሥር በናፍጣና በብሩሽ ፈትጌ፣ በኦሞ ውኃ አለቀለቅሁት። የሃምሳ ዓመት ጭቃና ዘይት ነው የወጣው። ሲደርቅ ባለቤቴ ለልጅ ልጃችን የገዛችውን ፓውደር ወስጄ ሞተሩ ላይ ነሰነስኩበት (ይህን እስከዛሬ አላወቀችም፣ ጋዜጣችሁን ካነበበች ጉዴ ፈላ)። ከዚያ አዘዞ ደርሼ ተመለስኩና ባትሪ ይዤ ሥሯ ገባሁ።

ነጩ ፓውደር ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ወርዳለች። ከታች የመጣች አይደለችም። ከላይ፣ ከማራገቢያው ላሜራ ሥር፣ በሾፌሩ በኩል ካለው የፊተኛው ሲሊንደር አጠገብ ተነስታ፣ በፑሽ ሮድ ቱቦዎቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች በሚያልፉባቸው) ላይ ወርዳ፣ ታች ስትደርስ ነው የምትንጠባጠበው። ከታች ብቻ ለሚያይ ሰው ቱቦው ያፈሰሰ ይመስለዋል፣ ወይ ደግሞ እንደ ልጁ ኦይል ሲሉ ነው ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየርና ራሱ ዘይቱ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣዋ እዚያ ላሜራ ውስጥ ቆማለች፣ ከሥሯ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። ጎማ ደግሞ በሙቀት ይደርቃል፣ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ ከዚያ ዘይት ማገድ ያቅተዋል። በቃ፣ በሽታው ይኸው ነበር። ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ በነበረ ጊዜ ላሜራውን አንስተው ቀለበቶቹን ቢቀይሯቸው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም። ያናደደኝም እሱ ነው።

ሲሊኮኑስ? ቮልስ እንደ ዛሬ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም። ሆዷ ላይ ክብ ክዳን አለ፣ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረ፣ ከሱ በላይ ወንፊት አለ። ዘይት ልቀይር ስከፍተው ወንፊቱ ላይ ቀይ የሲሊኮን ቁራጭ ተጣብቆ አገኘሁት፣ ወጥ ውስጥ የቀረ የበርበሬ ልጣጭ ነው የሚመስለው። መጋጠሚያው ላይ ከመጠን በላይ የተቀባ ሲሊኮን ትርፉ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ወንፊቱን ከደፈነ ዘይት ወደ ሞተሩ አይወጣም፣ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ነክሶ ይቆማል። ስድስቱን ዳዶ ሲያስሩም ጉልበት አያስፈልግም። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በኪያቤ ከታገሉት ቡሎኑ ከነጥርሱ ተነቅሎ ይወጣል። አዲስ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) በወንፊቱ በሁለቱም በኩል፣ አዲስ የመዳብ ቀለበት፣ በልክ ማሰር፣ አለቀ።

ሌላም አለ። ሞተር ይተነፍሳል። ከዘይት መሙያው አንገት ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄድ ቱቦ አለ፣ እሱ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በደከመው ጎማ በኩል ይገፋዋል። የኔ በግማሽ ተደፍኖ ነበር። በሽቦ ጠረግሁት፣ ምንም አላስወጣኝም።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠብታ ካያችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱ። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፣ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ከሸተተ የሚያፈሰው የካምቢዮው ኦይል ሲል ነው፣ ካልሸተተ የሞተሩ። ሁለቱም ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚለየውን) ስለሚያበላሹ፣ አቀበት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ነገሩን ችላ አትበሉ። የኔ የካምቢዮ ዘይት ግን የሚወጣው ከዚያ አልነበረም። በግራ በኩል አክስሉ ከካምቢዮው የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ተሰንጥቆ ነው። ለዚህ ጎማ ተብሎ ለሁለት የሚከፈት፣ በቡሎን የሚገጥም ሽፋን አለ፣ አክስሉን ሳያወጡ ይገባል። መጋጠሚያው ወደ ታች እንዳይዞር ብቻ ተጠንቀቁ።

የካምቢዮውን ዘይት ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከታች ያለውን ማፍሰሻ ከመክፈታችሁ በፊት ከጎን ያለውን መሙያ ክፈቱ። እኔ ተቃራኒውን አደረግሁ። ዘይቱ ወጥቶ አለቀ፣ መሙያው እንቢ አለ፣ መኪናዋ ባዶ ካምቢዮ ይዛ ሁለት ቀን ቆመች። ቡሽኑ (የመሙያው መክደኛ) 17 ሚሊ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው፣ ቁልፉን ደግሞ በዙሪያዬ የያዘ ሰው አጣሁ። በመጨረሻ አንድ በያጅ ጎረቤቴ የ17 ራስ ያለው ቡሎን ገልብጦ ጫፉ ላይ ዳዶ በየደልኝና ተከፈተ። የሚገባው ዘይት 2.5 ሊትር ገደማ ነው፣ በመሙያው ጫፍ መፍሰስ ሲጀምር በቃው ማለት ነው።

ለጋራዥ ባለቤቶች፦ እጃችሁን አልንቅም፣ ብዙዎቻችሁ ያለ መጽሐፍ ተአምር ትሠራላችሁ። ግን መጀመሪያ እጠቡ። ከዚያ ባለመኪናውን ጠርታችሁ የሚያፈስበትን ቦታ በዓይኑ አሳዩት። ካላያችሁት «አላየሁትም» በሉ፣ እናከብራችኋለን። የወጣውን ዘይት ደግሞ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ዝናብ ሲመጣ ወስዶ ወንዝ ውስጥ ነው የሚጨምረው፣ ቀሃ ላይ ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ፣ በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላውም የቀሃ ውኃ ነው። ጀሪካን አጥታችሁ አይመስለኝም።

ቀለበቶቹን ከቀየርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ማታ ማታ ሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጠብታ ነበር፣ ከቀኝ የቫልቭ ክዳን ነው፣ የቡሽ ጓርኒሲዮኑ ደርቆ ነው። ሲሊኮን አልነካውም። የግራውን የአክስል ጎማ ግን እስካሁን በላስቲክ ጠምጥሜ ነው የያዝኩት። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ለሁለት የሚከፈተውን ዓይነት እዚህ ጎንደር የሚሸጥ ሰው የሚያውቅ ካለ እባካችሁ በጋዜጣችሁ በኩል ይንገረኝ። አዲስ አበባ ድረስ በዚህ ላስቲክ አልሄድም።

የቮልስ ባለቤት፣ ከጎንደር