የፍላግ ፉትቦል ግጥሚያ ሰዓት ስለሚያዛባው መተግበሪያ የቀረበ ቅሬታ

ለመተግበሪያው አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የወቅቱ መርሐ ግብር በአስቸኳይ እንዲታረም ስለመጠየቅ

በላስ ቬጋስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ፍላግ ፉትቦል (ተጋጣሚን ጥሎ በማስቆም ፈንታ ከወገቡ ቀበቶ ላይ ባንዲራ በመንጠቅ የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ዓይነት) የሚጫወቱ ልጆች ወላጆች ነን። ትምህርት ቤቱ መርሐ ግብሩን የሚያሳውቀን በእናንተ መተግበሪያ ብቻ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ሰዓቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎሪዳ ይህን ስፖርት በጸደይ፣ ካሊፎርኒያ በመጸው ያካሂዳሉ። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ግን በብርዱ ወራት ነው፤ የግዛቱ ሻምፒዮና የሚጠናቀቀውም በፌብሩዋሪ ነው። ዋናው ችግር የሚመነጨው ከዚሁ ነው። መርሐ ግብሩ ወደ መተግበሪያው የሚገባው ኦክቶበር ላይ፣ በየዓመቱ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደኋላ የሚመለስበት የኖቬምበሩ ለውጥ ሳይደርስ ነው። ያኔ ላስ ቬጋስ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) በ7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ግን በ8። ሲስተማችሁ የዲሴምበሩንም ግጥሚያ በ7 አስልቶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ለ4:30 የተያዘው ጨዋታ ስልካችን ላይ 3:30 ሆኖ ይወጣል።

ቀድሞ መድረስ ምን ይጎዳል እንዳትሉን። አንድ ሰዓት ቀድሞ ከሥራ የወጣ ሰው የዚያን ሰዓት ክፍያ አጥቷል። የባሰው ደግሞ ሰዓት ከተቀየረ በኋላ የገቡት ግጥሚያዎች በትክክለኛ ሰዓታቸው መታየታቸው ነው። በሁሉም ላይ አንድ ሰዓት መጨመር የለመደ ወላጅ ለእነዚህኛዎቹ ይዘገያል፤ ጨዋታው ራሱ ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ የሚደርሰው ልጆቹ የባንዲራ ቀበቷቸውን ሲፈቱ ነው። ስህተቱና ትክክሉ በአንድ ገጽ ተቀላቅለዋል፤ የሚለይበት ምልክት ደግሞ የለም።

ማረሚያው ከባድ አይደለም። ሰዓቱን በቋሚ ልዩነት ሳይሆን «አሜሪካ/ሎስ አንጀለስ» በሚለው የሰዓት ክልል ስም መዝግቡት፤ ላስ ቬጋስም የምትመራው በእሱ ነው፣ የሰዓት ለውጡንም ካላንደሩ ራሱ ያሰላዋል። ቀድመው የገቡትን ግን የክልሉን ስም መቀየር ብቻ አያድናቸውም። በጅምላ አንድ ሰዓት ብትጨምሩም ትክክለኞቹን ታበላሻላችሁ። እያንዳንዱ ግጥሚያ ከትምህርት ቤቱ ዝርዝር ጋር ይመሳከር።

ዳኛ ጠፍቶ ወይም ነፋስ በርትቶ ግጥሚያ ሲዛወር ሲስተሙ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። «ወደ ካላንደር ጨምር» ብሎ ያስገባው ሰው ስልክ ላይ አሮጌው እንዳለ ይቀራል፤ ማክሰኞም ሐሙስም ጨዋታ ያለ ይመስለዋል። መለያው ሳይቀየር ቀኑ ብቻ ይታደስ፣ የቀረ ግጥሚያም «ተሰርዟል» ተብሎ ይታይ። መርሐ ግብሩን በሊንክ ከካላንደራቸው ጋር አገናኝተው የሚከታተሉትም ቢሆኑ ካላንደራቸው ራሱን እስኪያድስ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል የዕለቱ ለውጥ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መድረስ አለበት።

የአማርኛው ገጽ የሚለው «4:30 ሰዓት» ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ረፋድ ነው፤ ልጆቹን የሚያመላልሱ አያቶችም እንደዚያው ያነቡታል። «ከቀኑ 10:30 (በአሜሪካ 4:30 ፒኤም)» ተብሎ ይጻፍ። የካርታው ምልክትም የሚያደርሰው የትምህርት ቤቱ ቢሮ በር ላይ ነው፤ ሜዳው ከሕንፃው ጀርባ ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ እዚህ ፀሐይ 4:30 ገደማ ስለምትጠልቅ የሜዳውን በር በጨለማ መፈለግ ለማንም አይገባም። ምልክቱ ሜዳው መግቢያ ላይ ይደረግ።

በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ የታረመው መርሐ ግብር እንዲደርሰንና ለማሳወቂያ አገልግሎቱ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። እርማቱ እስኪያልቅ ድረስ የተሳሳቱት ሰዓቶች ከገጹ ይነሡ፤ በምትካቸው የትምህርት ቤቱ ዝርዝር በፎቶ ይለጠፍ።

ከሰላምታ ጋር
የተጫዋቾች ወላጆች ኮሚቴ
ላስ ቬጋስ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል