ሁለቱን ቼሎዎች አትንኩብን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለሩስያዊው የሙዚቃ ደራሲ ለቻይኮቭስኪ መታሰቢያ ስለተደረሱ ሙዚቃዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ የአገሩን ልጅ ደራሲ አንቶን አሬንስኪን የቻይኮቭስኪ ተማሪ አድርጋችሁታል። ያስተማረው ሌላው ሩስያዊ ደራሲ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነው፤ ይህ በአንድ መስመር ይታረማል። ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 35 ኳርቴቱን፣ ማለትም ለአራት ተጫዋቾች የደረሰውን ሥራ፣ «ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ» ማለታችሁ ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። (ቪዮላ ከቫዮሊን ተለቅ ያለ፣ ቼሎ ደግሞ ከሁለቱም የሚተልቅና ድምፁ የሚወፍር ባለ ክር መሣሪያ ነው።)

ቻይኮቭስኪ በኅዳር 1893 እ.ኤ.አ. ሞተ። አሬንስኪ በማግሥቱ ዓመት ይህን ኳርቴት ሲጽፍ አንዱን ቫዮሊን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ቼሎ አስገባ። ሁለት ቫዮሊን ያለበት ቅጂ የተዘጋጀው የተለመዱት ኳርቴቶችም እንዲጫወቱት ነው። የሚጎድለውን ለማወቅ ክሮቹን ማየት ይበቃል፦ የቫዮሊን ወፍራሙ ክር ጂ በተባለው ኖታ ላይ ያበቃል፣ የቪዮላ ከዚያ ዝቅ ብሎ ሲ ላይ፤ ቼሎ ከቪዮላው ሌላ አንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ዝቅተኛ ሲ) ይወርዳል። የአንደኛው ቼሎ ድርሻ ለቪዮላ ሲሰጥ ከዚያች ሲ በታች ያለው ኖታ ሁሉ ወይ ወደ ላይ ይነሣል ወይ ይቀራል። ከላይ ቀጭን ድምፅ ሲጨመርበት ደግሞ ያ ጥቁር የለቅሶ ቀለም ይሳሳል።

የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በኦርቶዶክስ ዝማሬ፣ በታፈነ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ብርኩማው (ክሮቹን የሚደግፈው እንጨት) ላይ የሚሰካው ማፈኛ ቀላሉ የመድረክ ዓይነት ይሁን። ጎረቤት እንዳይረበሽ ለልምምድ የተሠራው ከባዱ የጎማ ማፈኛ ድምፁን ይገድለዋል፤ አራቱም ከበድ ያለ ደጋን ሲጭኑበት ዝማሬው ወደ መቧጠጥ ይለወጣል። ሁለቱ ቼሎዎች ባዶ የእንጨት መድረክ ላይ የሚቆሙበትን የግርጌ ብረት ሲተክሉ ወለሉ ራሱ ያስተጋባል። ስለዚህ ሁለተኛው ቼሎ የደጋኑን ምት ያሳጥር፣ የጣቱንም ንዝረት ይቀንስ፤ ያለዚያ ሁለቱ ወፍራም ድምፆች ተደባልቀው የትኛው ዜማ የትኛው መሠረት እንደሆነ አይለይም።

መካከለኛው ክፍል ቻይኮቭስኪ ለልጆች ከደረሳቸው መዝሙሮች (ኦፐስ 54) በአንዱ ላይ የተሠሩ ሰባት ቫሪዬሽኖች (የአንድ ዜማ ልዩ ልዩ አቀራረቦች) ናቸው። መዝሙሩ ሕፃኑ ክርስቶስ ስለተከላት የጽጌረዳ አትክልት ይናገራል፤ ልጆች አበባውን ቀጥፈው ሲጨርሱ ከእሾሁ አክሊል ይጎነጉኑለታል። እናንተ «የአሬንስኪ ኳርቴት በኦርኬስትራ» ያላችሁት ኦፐስ 35ኤ ይህ ክፍል ብቻ ነው። እሱን ብቻ የሰማ ሰው የመጨረሻውን ክፍል አያገኝም፤ እዚያ ደግሞ «ስላቫ» የሚለው የሩስያ ሕዝብ ዜማ አለ። ያንኑ ዜማ ቤትሆቨን በ1806 ለሩስያዊው መኳንንት ለራዙሞቭስኪ በጻፋቸው ኳርቴቶች በሁለተኛው ውስጥ፣ ሩስያዊው ደራሲ ሙሶርግስኪም በቦሪስ ጎዱኖቭ ኦፔራው የዘውድ ትዕይንት ላይ ተጠቅመውበታል። ለአንድ ሰው የተጻፈው ለቅሶ ቀደምቶቹንም ጠርቶ ያልፋል ለማለት ያስደፍራል።

ሊጫወቱት ያሰቡ አንባቢዎቻችሁ ኖታውን ሲያዝዙ ሽፋኑ ላይ «ቫዮሊን፣ ቪዮላና ሁለት ቼሎ» መባሉን ይመልከቱ። ኦፐስ ቁጥሩ ለሁለቱም ቅጂ 35 ስለሆነ በቁጥሩ ብቻ ያዘዘ ሰው ያልፈለገው ሊደርሰው ይችላል።

ከቼሎ ተጫዋች አንባቢያችሁ