ኤንኬፋሊን ነዳጅ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ፋርማኮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች በምሰጠው ትምህርት ላይ ኤንኬፋሊን የሚለው፣ አካል ራሱ የሚሠራው ሕመም አደንዛዥ ኬሚካል ስም ሲነሣ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ተማሪዎች እየተያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ጥቂት ቆይቶም «ይህ ነገር በእውነት አለ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስሙን ቀድመው የሚያውቁት ከቪዲዮ ጌም ነው። ጥያቄው ደስ የሚያሰኝ እንጂ የሚያስቆጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ጌሙ ለታሪኩ ሲል የፈጠረው ሥዕል፣ ማለትም የአንጎል ኬሚካል እንደ ነዳጅ የሚመረት፣ የሚጠራቀምና ሲጎድል የሚሞላ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ፣ በጤና ዓምዶች፣ በሬዲዮ ዝግጅቶችና በማስታወቂያዎች ውስጥ እንደ ሳይንስ ሲነገር ስለምሰማ፣ በጉዳዩ ላይ ያለኝን አስተያየት በዓምዳችሁ ለማቅረብ ወድጃለሁ።

ጌሙን ለማያውቁ አንባቢዎች በጥቂቱ ላስረዳ። ፕሮጀክት ሙን የተባለ የደቡብ ኮሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ሙሉ ሆኖ ለገበያ ባቀረበው ሎቦቶሚ ኮርፖሬሽን በተሰኘው ጌም፣ ተጫዋቹ የአንድ ኃይል አመንጪ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። ኩባንያው ከመሬት በታች በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ የቆለፈባቸው እንግዳና አደገኛ ፍጥረታት አሉት፤ ሠራተኞች ወደየክፍሉ እየገቡ ከፍጥረታቱ ጋር ከሚያደርጉት ግንኙነት ኃይል ይገኛል፤ ያ ኃይል ኤንኬፋሊን ተብሎ ይጠራል። ሥራው በሚገባ ሲከናወን ኤንኬፋሊኑ በሣጥን እየተቆጠረ ይገባል፤ የዕለቱ ኮታ እስኪሞላም ሠራተኞቹ ከፍጥረታቱ ጋር መፋጠጣቸውን ይቀጥላሉ፤ ብዙዎቹም ሕይወታቸውን ያጣሉ። እኔም ራሴ ልሞክረው ተቀምጬ፣ የቀጠርኳቸው ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልቁ ማየቱ ስለከበደኝ ትቼዋለሁ፤ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ግን ችሎታ እንዳላቸው አልክድም። ከዚያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ሊምበስ ካምፓኒ ውስጥ ደግሞ ኤንኬፋሊን የመጫወቻ አቅም መለኪያ ሆኗል። በየ6 ደቂቃው አንድ ይጨምራል፤ 20 ሲሆን ሞጁል ወደሚባል አንድ አሃድ ሊለወጥ ይችላል፤ የተወሰነለት ጣሪያ ላይ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። ስለዚህ የጌሙ ወዳጆች ኤንኬፋሊናቸው ሞልቶ ጊዜያቸው በከንቱ እንዳያልፍ በሰዓታቸው ላይ ማስታወሻ እስከ መሙላት ይደርሳሉ።

እውነተኛው ኤንኬፋሊን የተገኘበት ታሪክ ከዚህ ያላነሰ ይስባል። ኦፒየም ሕመም እንደሚያደነዝዝ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚያደነዝዝ ግን አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በባልቲሞር ካንዳስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር፣ በኒውዮርክ ኤሪክ ሳይመን፣ በስዊድን ኡፕሳላ ደግሞ ላርሽ ቴሬኒዩስ፣ ከኦፒየም የሚወጣው ሞርፊንና መሰሎቹ የሚያርፉባቸው ልዩ ተቀባዮች በአንጎል ውስጥ መኖራቸውን አሳዩ። ግኝቱ ወዲያውኑ ከባድ ጥያቄ አስከተለ። ከቅድመ አያቶቹ አብዛኞቹ ኦፒየም የሚገኝበትን አበባ በዓይናቸው ሳያዩ የኖሩ የሰው ልጅ፣ ለዚያ አበባ ጭማቂ ልክ የሆነ ተቀባይ በአንጎሉ ይዞ የሚወለደው ለምንድን ነው? ለጥያቄው ሚዛን የሚደፋው መልስ፣ ተቀባዩ የተሠራው ለአበባው ሳይሆን አካል ራሱ ለሚያዘጋጀው ገና ላልታወቀ ነገር ነው፣ አበባው ያንን ነገር በአጋጣሚ ይመስላል የሚለው ነበር። በዚያው ዘመን የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች የአይጥን አንጎል የተወሰነ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲያነቃቁ ሕመም እንደሚደነዝዝ፣ ይህንንም የሞርፊን ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን በከፊል እንደሚያስቀረው ማስተዋላቸው ግምቱን አጠናከረው።

ያንን ያልታወቀ ነገር ያገኙት ከታላላቆቹ ቤተ ሙከራዎች ርቀው በስኮትላንድ አበርዲን ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሃንስ ኮስተርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1903 በበርሊን የተወለዱ ሐኪም ሲሆኑ፣ በናዚ አገዛዝ ምክንያት ከጀርመን ወጥተው በ1934 አበርዲን ገቡ። በ1973 ዕድሜያቸው 70 ሞልቶ ከፕሮፌሰርነታቸው ጡረታ ሲወጡ፣ ብዙ ሰው ዕረፍት በሚመኝበት ጊዜ፣ በሱስ አስያዥ መድኃኒቶች ላይ የሚሠራ አዲስ የምርምር ክፍል አቋቋሙ። አብሯቸው የሠራው ጆን ሂውዝ ገና የ30ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ነበር። ሂውዝ ከከተማው ቄራ የአሳማ አንጎል እያመጣ ጭማቂውን ያወጣ ነበር፤ የመፈተኛው ዘዴ ደግሞ ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ከጊኒ ፒግ አንጀት የተወሰደ ቁራጭ በኤሌክትሪክ ሲነካ ይኮማተራል፤ ሞርፊን ሲጨመርበት መኮማተሩ ይዳከማል፤ ናሎክሶን ሲከተል ተመልሶ ይበረታል። እንግዲህ ከአሳማ አንጎል የወጣው ጭማቂ ያንኑ ቁራጭ ካዳከመውና ናሎክሶን ከመለሰው፣ ጭማቂው ውስጥ ሞርፊን መሰል ነገር አለ ማለት ነው። አለ፤ ተገኘም። ከብዙ አንጎል የሚወጣው መጠን በጣም አነስተኛ ስለነበረ አጥርቶ ለመለየት ረጅም ልፋት ጠየቀ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1975 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ንጥረ ነገሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከ5 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ክፍሎች) የተሠሩ አጫጭር ሰንሰለቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ (ታይሮሲን፣ ግላይሲን፣ ግላይሲን፣ ፌኒልአላኒን) በሁለቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ አምስተኛው በአንደኛው ሜቲዮኒን፣ በሌላው ሉሲን ነው። በ1978 ለዚህ የምርምር መስክ የላስከር ሽልማት ለሂውዝ፣ ለኮስተርሊትዝና ለስናይደር ሲሰጥ ካንዳስ ፐርት መዘለሏ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ በእኔ አስተያየት ክርክሩ ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ኤንኬፋሊን የተገኘ ሰሞን የብዙ ሰው ተስፋ ይህ ነበር፤ አካል ራሱ የሚሠራው ስለሆነ፣ እሱን አብዝተን ብንሰጥ ሱስ የማያስይዝ የሕመም ማስታገሻ እናገኛለን። ይህ የነዳጅ አስተሳሰብ ነው፤ ጥሩ ነገር ከሆነ ሲበዛ ይበልጥ ጥሩ ይሆናል ማለት ነው። ተስፋው ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤንኬፋሊን በአይጦች አንጎል ውስጥ ያለማቋረጥ ሲፈስ እንደ ሞርፊን ሁሉ ጥገኝነት እንደሚያስከትል ታየ። ሞለኪዩሉ ያው አካል የሚሠራው ሞለኪዩል ነው፤ የተለወጠው የመጣበት ሰዓትና የቆየበት ጊዜ ብቻ ነው።

በጤነኛ አካል ውስጥ ኤንኬፋሊን ዕድሜው እጅግ አጭር ነው። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት ከሰውነት ወደ አንጎል በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ትንንሽ የነርቭ ሴሎች ይለቁታል፤ ኤንኬፋሊኑም መልእክቱን የሚያመጣው ነርቭ የሚለቀውን ኬሚካል ይቀንሳል፤ ወዲያውም ኔፕሪላይሲንና አሚኖፔፕቲዴዝ የሚባሉ በአካባቢው የተዘጋጁ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል። በደም ውስጥ ቢገባም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ጌሙ አንድ ኤንኬፋሊን ለመጨመር 6 ደቂቃ ሲወስድ፣ እውነተኛው በዚያን ያህል ጊዜ ውስጥ ተለቅቆ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ፈራርሶ ያልቃል። ይህ ፈጣን መፍረስ የተፈጥሮ ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም። ተቀባዩ ላይ ተጣብቆ የሚቆይ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከሞርፊን እናውቃለን፤ አተነፋፈስን ያዘገያል፣ ሆድን ያደርቃል፣ ተቀባዮቹን እያደነዘዘ በየጊዜው ተጨማሪ መጠን እንዲፈለግ ያደርጋል። አካል ከኤንኬፋሊን የሚጠቀመው በትክክለኛው ቦታ ለአጭር ጊዜ ለቅቆ ስለሚያጠፋው ነው። ስለዚህ «የአንድ ሰው ኤንኬፋሊን ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በጌም ውስጥ ትርጉም ቢኖረውም በሕክምና ውስጥ ትርጉሙ እምብዛም ነው።

ሥራውም ሕመምን በማስታገስ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤንኬፋሊን የሚሠራበት ጂን የጠፋባቸው አይጦች ይወለዳሉ፣ ያድጋሉ፣ ይራባሉም፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ይልቅ ፈሪዎች ናቸው፤ ወንዶቹም ጠበኞች ይሆናሉ። ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል ዕጢ ውስጥም ይገኛል። በአንጀት ውስጥ ደግሞ ወደ አንጀት የሚፈሰውን ውኃና ጨው ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ሬሴካዶትሪል የተባለ መድኃኒት በተለያዩ አገሮች ለሕፃናት ተቅማጥ ያገለግላል። መድኃኒቱ ከውጭ ምንም ኤንኬፋሊን አይጨምርም፤ የሚያደርገው ቆራጩን ኢንዛይም ለጥቂት ሰዓታት መያዝና አካል የለቀቀው ራሱ ትንሽ እንዲቆይ መርዳት ብቻ ነው። የኤንኬፋሊን ምርምር ለሕሙማን ካስገኛቸው ጥቅሞች በጣም ግልጹ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ስለ «ደስታ ኬሚካሎች» በሚነገርበት ሁሉ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም። የተቅማጥ ወሬ ለማስታወቂያ አይመችም መሰለኝ።

ጌም ሠሪዎቹን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ ለልብ ወለዳቸውም ትርጉም ያለው ስም መርጠዋል። ከሰው ፍርሃትና ስቃይ ኃይል የሚያወጣ ኩባንያ ምርቱን በሕመም ማደንዘዣ ስም መጥራቱ መራራ ቀልድ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ሐዘኑን ለመርሳት ኤንኬፋሊን የሚወስድና የማይለቀው ሰው መኖሩም፣ ደራሲዎቹ ሁለተኛውን የሳይንሱን ገጽታ እንዳልዘነጉት ያሳያል። የጌሙ ወዳጆችም ቢሆኑ ሣጥን ቆጥረው ሲጨርሱ በአንጎላቸው ውስጥ ሣጥን አለ ብለው አያምኑም። እንዲያውም በክፍል ውስጥ የተሻለ ጥያቄ የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው፤ ስሙን ስለሚያውቁት የራሳቸው ጉዳይ አድርገው ያዳምጣሉ። መምህራን ይህን በር ቢጠቀሙበት ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም።

ቅሬታዬ ያንኑ ሥዕል ያለ ልብ ወለድ ሽፋን በሚያቀርቡት ላይ ነው። «ይህን ሲመገቡ የደስታ ሆርሞንዎ ይሞላል»፣ «ኢንዶርፊንዎ ስላነሰ ነው የደከመዎት» የሚሉ አባባሎች በጋዜጦቻችንም፣ በሬዲዮኖቻችንም፣ አልፎ አልፎም በእናንተው የጤና ገጽ ላይ ይነበባሉ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሩጫ ብንወስድ፣ ከረጅም ሩጫ በኋላ የሚሰማው ፍሥሐ የሚመጣው የኤንኬፋሊን ዘመድ ከሆነው፣ አካል ራሱ ከሚሠራው ኢንዶርፊን ነው ሲባል ዘመናት አልፈዋል። መነሻው በሯጮች ደም ውስጥ ኢንዶርፊን መጨመሩ ነው፤ ነገር ግን በደም ያለው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የሐምቡርግ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ሯጮች የኦፒየም ተቀባዮቻቸው ናልትሬክሶን በተባለ መድኃኒት ተዘግቶም እያለ ፍሥሐው እንዳልቀረባቸው አሳይቷል። ይህ ማለት ሩጫ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ሯጩ የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ይሞላል የተባለው ታንከር ግን የለም። ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከወሬ ያለፈ መዘዝ አለው። ድካሙና ሐዘኑ የአንድ ኬሚካል መጉደል ብቻ መስሎ የታየው ሰው፣ የጎደለውን ይሞላል የተባለለትን ማንኛውንም እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለመግዛት ቅርብ ነው፤ ከእነዚያ እንክብሎች መካከል ደግሞ በእነዚሁ የኦፒየም ተቀባዮች ላይ የሚሠሩና ጥገኝነት የሚያስከትሉ ይገኙባቸዋል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ምግብ፣ እንቅስቃሴ ወይም መድኃኒት የአንጎልን ኬሚካል «ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ሲደርሳችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት ጸሐፊው መለኪያው ከደም ይሁን ከአንጎል፣ የታየውም በእንስሳ ይሁን በሰው እንዲገልጽ ብትጠይቁት፣ መልስ ሲያጣም ጽሑፉን ብትመልሱለት። ርእሱ በሰፊው እንዲቀርብ ከፈለጋችሁም ስለ አበርዲኑ ግኝት የሚያትት ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ስለ ጌሙ ያለውን ክፍል እንደሚያርሙልኝ ቃል ገብተውልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማኮሎጂ መምህር
ከአዲስ አበባ