ፓሪስ ላለችው ልጄ

እታለም እንዴት ነሽ ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቂው ነው። የኖትርዳም ካቴድራል ጣራ ላይ ያሉት የድንጋይ አውሬዎች ፎቶ ደርሶኛል፣ ለእናትሽ ባሳያት አማተበችና "ደሞ ሴጣን ቤተክርስቲያን ጣራ ላይ ምን ይሠራል?" አለችኝ። እኔም መልስ ስላጣሁ ማታ ማታ ዩቱዩብ ላይ ስፈልግ ከረምኩ፣ ወንድምሽም የፈረንጁን እያነበበ ይነግረኛል።

አብራሽ የምትኖረው ልጅ አውሬዎቹ ሌሊት ነፍስ ይዘራሉ ከተማውን ይጠብቃሉ ምናምን ያለችሽ አያስፈራሽ። አንገታቸውን ወደ ውጪ አስግገው አፋቸውን የከፈቱት እኮ ፈረንጅ ጋርጎይል የሚላቸው አሸንዳ ናቸው! ጀርባቸው ላይ ቦይ ተፈልፍሏል፣ የጣራው ውሃ በሱ መጥቶ በአፋቸው ይወጣና ከግድግዳው ርቆ ይወድቃል። ድንጋይ ስገነባ ለኖርኩት ለኔ ከተረቱ ሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። ግንብን የሚጥለው ውሃ ነው፣ ከድንጋዩ ይልቅ መሀል ያለውን ኖራ ቀስ እያለ ያጥበዋል፣ ከዛ አንዱ ድንጋይ ይላቀቃል፣ ጎረቤቱ ይከተላል፣ ክረምት ላይ የኛ ሰፈር አጥር ሲያብጥና ሲናድ አይተሽ የለ። ስለዚህ ጠባቂ ናቸው ካሉሽ አዎ ናቸው፣ ከዝናብ።

ያ ክንፍ ያለው፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ምላሱን አውጥቶ ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ግን ውሃም አያወጣ፣ የጥንትም አይደለም። ካቴድራሉ የተጀመረው በነሱ አቆጣጠር 1163 ነው፣ እሱን ያመጣው ግን ቪዮሌ ለዱክ የሚባል አርክቴክት ነው፣ በ1840ዎቹ በተጀመረው እድሳት፣ እድሳቱ ሲጀመር እኛ ጋ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ነግሠው ነበር። ፖስትካርድ ላይ ሁሉ ያለው እሱ ነው፣ አሸንዳዎቹ እየሠሩ ስሙን እሱ ወሰደው።

የጋርጎይሎቹ አፈ ታሪክ ደግሞ ከሌላ ከተማ ከሩዋን ነው የሚነሳው። ጋርጉይ የሚባል ዘንዶ ከሴን ወንዝ እየወጣ ጀልባ ይውጥ ነበር አሉ፣ ጳጳሱ ቅዱስ ሮማኑስ ሊይዘው ሲነሳ ሰው ሁሉ ፈርቶ አብሮት የሄደው አንድ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ብቻ ነው። እኛ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው ነው የምናውቀው፣ ይሄኛው ግን በመስቀል አማትቦ አስገብሮት በልብሰ ተክህኖው አስሮ እንደ በግ ጎትቶ አመጣው። ሲያቃጥሉት ራሱና አንገቱ እሳት የለመደ ነውና አልነድ ሲል ቤተክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት ይላሉ። የሩዋን ካህናት በዚሁ ታሪክ እያመካኙ በየዓመቱ በዕርገት ቀን አንድ እስረኛ ያስፈቱ ነበር፣ ይሄስ ተረት አይደለም፣ እስከ 1790 የነበረ መብት ነው።

የኖትርዳም በር ላይ ያለውን የብረት ጌጥ አይተሽዋል? ቢስኮርኔ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነፍሱን ለሴጣን ሽጦ ነው የሠራው ይላሉ፣ ሲጨርስም በሮቹ ጸበል ካልተረጨባቸው አልከፈት አሉ። ይሄ ትንሽ አናዶኛል እንዴ! ሰው እጁ ሲያምር ለምን አይታመንለትም? እኛም ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ስንለው ኖረናል፣ ላሊበላን ደግሞ ሌሊት መላእክት ሠሩት እንላለን (መላእክቱን አልቃወምም፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ) ግን ቀን ላይ ሲፈልፍል የዋለው ሰውዬስ?

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከበሮቹ በላይ በረድፍ የቆሙት 28 ሐውልቶች የይሁዳ ነገሥታት ናቸው፣ የነ ዳዊት የነ ሰለሞን ዘር ማለት ነው። በአብዮቱ ጊዜ በ1793 ሕዝቡ የፈረንሳይ ነገሥታት መስለውት አንገታቸውን ቆረጠ፣ ድንጋዩ እንኳን ምሕረት አላገኘም! አሁን የምታያቸው በኋላ የተተኩ ናቸው። የድሮዎቹ ጠፍተው ኖረው በ1977 አንድ ባንክ ቤት ግቢ ሲቆፈር 21 ራስ ተቀብሮ ተገኘ፣ ክሉኒ ሙዚየም ነው ያሉት። በ2019 ጣራው ሲቃጠል ዜና ላይ አይቼ ደንግጬ ነበር፣ ግንቡ መቆሙና በ2024 መልሰው መክፈታቸው ደስ ይላል።

በይ እረፍት ስታገኚ ክሉኒ ሂጂና ራሶቹን ቀረብ ብለሽ አንሺልኝ፣ ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም፣ የመሮው ምልክት አፍንጫና ዓይን አካባቢ ይታይ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ በአሸንዳዎቹ በኩል ዞረሽ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ውሃው ከግድግዳው ስንት ክንድ እንደሚርቅ ልገምት። በርበሬና ሽሮ በሰው ልከናል፣ ሲደርስሽ ለእናትሽ ደውይላት።

አባትሽ