ይድረስ ለሽሮ ሜዳው ወዳጄ

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ።»

በልጅነታችን ያስተማሩን የደብዳቤ አጀማመር ይኸው እስካሁን ይሠራል። ሌላ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ። በስልክ ሦስት ጊዜ ጽፌልህ ሦስቴም አጠፋሁት። በመጨረሻ ከልጄ ደብተር ወረቀት ገነጠልኩ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ አትፍረድብኝ፤ እዚህ አገር በእጄ የምጽፈው ፊርማዬን ብቻ ነው። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ለምን እንደተኳረፍን ሁለታችንም እናውቃለን። እመጣበታለሁ። በፊት ግን መስቀልን የት እንዳሳለፍኩ ልንገርህ።

ዘንድሮ መስቀል ቅዳሜ ዋለ አይደል? እኔ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ዓርብ ማታና ቅዳሜ መኪና አቁሜ አላውቅም። እንጀራዬ ያለው ያኔ ነው። አሁን ግን ወገቤ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ «እረፍ» አለ፤ ሚስቴ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ስለዚህ ልጄንና ውሻችንን ጭኜ ዓርብ ከሰዓት ወደ ተራራ ወጣሁ።

አዎ፣ ውሻችንን። ያንኑ የምታውቀውን። ስሙ ቆሎ ነው። ቀለሙ ገና ከምጣድ የወረደ ገብስ ስለሚመስል እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ልጄ ሌላ ስም ፈልጋ ነበር፤ በአባትነቴ አሸነፍኳት። የተጣሉ ውሾች ከሚሰበሰቡበት ቦታ ነው ያመጣነው፤ ዘሩን የሚያውቅ የለም። ግን አማርኛ ይሰማል። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው!» ስል ከልጄ ቀድሞ ይታዘዛል። «ለአንቺም ያስተርጉምልሽ» እያልኩ እቀልድባታለሁ። እሷን አያስቃትም።

የሄድንበት ሼናንዶዋ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እዚሁ ቨርጂኒያ። ከአሌክሳንድርያ ተነስተህ መንገዱ ካልተዘጋጋ በአንድ ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመኪና መንገድ በተራሮቹ ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው፤ ርዝመቱ 169 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስካይላይን ድራይቭ ይሉታል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። ለእኔ ለነጂው ይህ ቅጣት ነበር። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማለቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትከሻዬ ራሱ ወረደ። ከኋላዬ ጥሩምባ የሚነፋ የለ፣ ስልክ ላይ የሚጮህ ጥሪ የለ። ኔትወርኩም ብዙ ቦታ ላይ ይጠፋል። መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ቆሎ መሀል ላይ አስመለሰ። የልጄ አዲስ ጫማ ላይ። ከዚህ በላይ አልተርክልህም።

ተራራ ስልህ ግን የእኛን ተራራ አታስብ። የፓርኩ ረጅሙ ጫፍ ሆክስቢል ይባላል፤ 1,235 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፈረንጆቹ ጫፉ ላይ ወጥተው እያለከለኩ ፎቶ ሲነሱ ሳይ የእንጦጦ ልጅነቴ ትንሽ ኩራት ኩራት አለኝ። አፌን ዝም አሰኘሁት፤ እኔም አለክልኬ ነበር።

ቢግ ሜዶውስ የሚባል ሰፊ ሜዳ ላይ ስንደርስ መኪናዬን አቆምኩ። አንተ ብታየው! ሜዳው በሙሉ ቢጫ። ጎልደንሮድ የሚሉት አበባ ነው፤ ከቅርብ ስታየው አደይን አይመስልም፣ ዘለላው ሌላ ነው። ከሩቅ ግን መስከረም ነው በቃ። ልጄ ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ አስቆምኳት። በፓርኩ ውስጥ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው። ስለዚህ ደመራችን ያለ አበባ ቀረ።

ያደርነው ሉዊስ ማውንቴን ላይ ነው። ከፓርኩ ማረፊያዎች ትንሿ። ቤቷ የእንጨት ናት፤ አልጋ፣ መብራትና ሻወር አላት። ማድቤት የላትም፣ ቴሌቪዥን የላትም። ደጃፏ ላይ ጣሪያ ያለው መመገቢያና የእሳት ጉድጓድ አለ። ሁሉም ቤቶች ውሻ አያስገቡም፤ የሚያስገባውን መርጠህ ለውሻው ለብቻ ትከፍላለህ። የቦታው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ነበር። ነጮቹ በሌሎቹ ማረፊያዎች፣ ጥቁሮቹ እዚህ። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ገደማ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ፓርኩ ሲመሠረት ደግሞ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነስተዋል። «ተነሺ» የሚለውን ቃል አንተ ከእኔ በላይ ስለምታውቀው አላብራራም። ጫካው ውስጥ እስከ ዛሬ የቤት ጭስ ማውጫ ድንጋይና የመቃብር ቦታ ይገኛል። ይህን ለልጄ ስነግራት ቤቷን ዞራ አየቻትና «እና አሁን ስንት ነው የምንከፍለው?» አለችኝ። የእኔው ልጅ ናት።

ማገዶውን ልንገርህ። እንጨት ከቤትህ ይዘህ መግባት አትችልም። ዛፍ የሚጨርስ ጥንዚዛ በማገዶ ተደብቆ ከአገር አገር ስለሚዛወር፣ በሙቀት መታከሙ የተረጋገጠ እንጨት ብቻ ነው የሚፈቀደው። እኔም እዚያው ካለው ሱቅ ገዛሁ። ስድስት ፍልጥ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ባርኮድ ተለጥፎበት! ዋጋውን አልነግርህም። ስንት እናት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ፣ ወገቧ ተቆልምሞ በደጃችን ስታልፍ ያየን ልጆች ነን። እኔ ደግሞ የታሸገ እንጨት ተሸክሜ ወገቤን አመመኝ።

ያም ሆኖ ስድስቱን ፍልጥ አቁሜ አስደግፌ ደመራ አደረግኋቸው። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ በጋዝ ምድጃ ሠርተን በላን። ከዚያ ለኮስኩት። ልጄ ዞረች፣ ቆሎም ተከተላት፤ በገመዱ እኔንም አዞረኝ። ውሻ ሁልጊዜ መታሰር አለበት፣ ገመዱም ከስድስት ጫማ እንዳይበልጥ ሕግ ነው። እና ሦስታችን ስንሽከረከር የጎረቤት ካቢን ሽማግሌ ባልና ሚስት ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ፍልጡ ሲወድቅ በምሥራቅ በኩል ነው የወደቀው። ምን ማለት ነበር ምሥራቅ? አባቴ በየዓመቱ ይተረጉም ነበር፣ እኔ አልያዝኩም። ለልጄ «ጥሩ ነው» አልኳት።

ሌሊቱ ነው ነገር የመጣው።

ጨለማው የእውነት ጨለማ ነው። አንድ ጉጉት ጀመረ። ቆሎ፣ በቀን ፖስታ ቤቱን ሰውዬ ካልበላሁ የሚለው ጀግና፣ ከአልጋ ሥር ገብቶ ቀረ። እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን እየጠበቅኩ እንደነበር ታውቃለህ? ጅብ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ የእንጨት ቤት ውስጥ ስተኛ ጆሮዬ ጅብ ይጠብቃል። እዚያ ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ ለእሱም ምግቡን በሙሉ መኪና ውስጥ ቆልፌ ነበር። ድቡን ረሳሁትና ጅቡን ጠበቅኩ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንተም ገብቶሃል።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነበርን። ለደመራ እንጨት ፍለጋ እንጦጦ ወጥተን ዘበኛው ሲያሳድደን፣ መንገድ ስተን፣ መሽቶብን ያቺ በሯ የተገነጠለ የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ያደርነው። ካምፒንግ እንደሚባል ማን ያውቃል! ቡቺ ገና ቡችላ ነበር። ጅቡ ታች ሲያላዝን በመሀላችን ገብቶ ተንቀጠቀጠ። አንተ ጃኬትህን አወለቅክለት። እኔ «ለውሻ ብለህ ልትታመም ነው?» ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ ነበርክ ለውሻ የምትሳሳው፤ አስታውስ።

ጠዋት ይህን ለልጄ ቡና እያፈላሁ ነገርኳት። በጀበና፣ በዚያችው ምድጃ። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ወጣን። መጀመሪያ ወደ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ነዳን፤ መግቢያው ላይ ስንደርስ ውሻ ክልክል ነው ይላል። ፓርኩ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የእግር መንገድ አለው፣ አብዛኛው ለውሻ የተፈቀደ ነው፣ እኔ ሄጄ የተከለከለችውን መረጥኩ። ተመልሰን በካቢኗ አጠገብ የሚያልፈውን አፓላችያን ትሬይል ያዝን። ከጆርጂያ እስከ ሜይን ድረስ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የእግር መንገድ ነው። ዛፎቹ ላይ ነጭ ቀለም ስለተቀባ አትጠፋም። እኛ ከዚያ ውስጥ አራት ኪሎ ሜትር ሄደን ቆሎ ተጋደመ። በቃኝ ማለቱ ነው። እኔም ሌላ ሰው እንዲለው እየጠበቅኩ ነበር።

ከሰዓት ምንም አልሠራንም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ ስንት ዓመቴ ነው! ልጄ አነበበች። እኔ ቆሎን ጭኔ ላይ አጋድሜ መዥገር ፈለግኩ። የአጋዘን አገር ስለሆነ መዥገሩ ብዙ ነው፣ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ ለሰውም ለውሻም። ጆሮው ሥር ሁለት አገኘሁ፣ በወረንጦ ነቀልኳቸው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እናቱ ቅማል የምትለቅምለት ልጅ መስሎ። ማታ ፍም ላይ ሥጋ ጠበስን። ለእሱ ሽንኩርት ሳይነካው ነው የምሰጠው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቡቺ ስንት የሽንኩርት ወጥ ፍርፋሪ በልቶ እንዳደገ ሳስብ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ነው ልጄ የጠየቀችኝ። «ቡቺስ በመጨረሻ ምን ሆነ?»

አላውቅም። አላውቅም አልኳት።

እንግዲህ ወደ ሆዳችን ነገር ልምጣ። ለእማማ የዓይን ሞራ ሕክምና ገንዘብ ስትጠይቀኝ «እጅ አጥሮኛል» ብዬ ግማሹን ላክሁ። ውሸት አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ቆሎ እግሩ ተሰበረ። ልጄ በፋሻ የተጠቀለለውን እግሩን ፎቶ አነሳች፤ እኔም እንደ ቂል ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። አንተ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፍክ። «ውሻው ሐኪም አገኘ፤ ደስ ይላል።» በቃ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ፤ የእኛው ሁለት ዓመት ከአራት ወር በዚያች ገባ።

የውሻው ሕክምና ለእማማ ከላክሁት በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ይኸው ነገርኩህ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ዕዳው ስምንት ወር ፈጀብኝ። ይህን ለሰበብ ብዬ አይደለም የምነግርህ። እሺ፣ ትንሽ ለሰበብ ነው። ልጄ እያለቀሰች በሐኪሙ ፊት «ይቅር» ማለት አቃተኝ። አንተን በስልክ ግማሹን ብቻ ማለት አላቃተኝም። አታይማ፤ ፊትህ የለማ።

እማማ በኋላ እንደታከመች ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነገረኝ። እንጦጦ ማርያም ድረስ ያለ መሪ ትሄዳለች አለኝ። ደስ ብሎኝ ለሚስቴ ነገርኳት፣ ለአንተ ግን አልደወልኩም። አፈርኩ።

እዚያ እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ የሆነውን ልንገርህና ልጨርስ። ዲቪ ደርሶኝ የወጣሁ ዕለት ቡቺ አራት ዓመቱ ነበር። «እኔ ጋ ይሁን» አልክ። ሻንጣዬን ስንጭን በገመድ ይዘኸው በር ላይ ቆመህ ነበር፤ ታክሲው ሲነሳ አንተን ጎትቶ ሊያስወድቅህ። መጨረሻ ያየሁት ያንን ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተደዋውለናል። ስለ እማማ ጠይቄሃለሁ፣ ስለ ሰፈር ጠይቄሃለሁ፣ ስለ ኳስም ጠይቄሃለሁ። ስለ ቡቺ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። የእኔ ውሻ ነበር። ማን አበላው፣ ታሞ ከሆነ ማን አስታመመው? አንተ የጻፍካትን መስመር አሁን መልሼ ሳነባት ሌላ ሆነችብኝ።

የእማማን ቀሪ ግማሽ አሁን ብልክ ስድብ ነው፤ አውቃለሁ። አልልክም። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ በእናንተ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እዚህ ማለዳ ነው፣ ሥራ አልወጣም። ካላነሳህ ይገባኛል፤ በሚቀጥለው እሑድም እደውላለሁ።

ካነሳህ መጀመሪያ ስለ እማማ ትነግረኛለህ። ቀጥሎ ስለ ቡቺ። ልጄ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርግልኝ ብላ ከአሁኑ ቀጠሮ ይዛለች። መጨረሻው ክፉ ከሆነ ግን ቀድመህ ምልክት ስጠኝ፤ ስፒከሩን አጠፋለሁ።

ወንድምህ